የካሳው መርዶ

አስረስ ሳህን ሲያጥብ ባየሁት ጊዜ ሰው እንደሞተ አወቅሁ። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ተጋብተን በኖርንበት ዘመን ሁሉ የበላበትን ሳህን ከጠረጴዛው አንስቶ ማጠቢያው ድረስ እንኳ ወስዶ አያውቅም። ያን ዓርብ ጠዋት ከፋብሪካው ከመውጫ ሰዓቱ ቀድሞ መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ሰላም አለኝና እጅጌውን ሰብስቦ ማጠቢያው ፊት ቆመ። ያደረውን ድስት ሳይቀር ፈተገው። ምነው ቶሎ መጣህ ስለው ማሽኑ ተበላሸ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ቲማቲም ተወዷል፣ ኪሎው አሥር ሼቄል ገብቷል ሲሉ ሰማሁ አለ። አስረስ ስለ ቲማቲም ዋጋ ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቁርስ በልተሻል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ደግሞ መርዶው የእኔ መሆኑን አወቅሁ። በእኛ ዘንድ ባዶ ሆድ ላለው ሰው መርዶ አይነገርም።

ስልኬን ይዤ የልጄ የኦሪያን ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ታሚር ነበር። ወታደር ልጅ ያላት እናት ሌላ የመጀመሪያ ሐሳብ የላትም። ጻፍኩለት፤ ወዲያው የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ። አውራ ጣት ማንም ሊልክ ይችላል፤ ስልኩን ሌላ ሰው ይዞት ቢሆንስ? ድምፅህን ላክልኝ አልኩት። «ኢማ፣ አኒ ብሴደር፣ ዲ» አለኝ፤ እማ፣ ደህና ነኝ፣ በቃሽ ማለቱ ነው። ከኋላው ልጆች ሲሳሳቁ ይሰማል። ቀጥዬ ኦሪያን የምትሠራበት አፍሪዳር ሰፈር ያለው ዳቦ ቤት ደወልኩ። ዓርብ ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ሥራ ላይ ስልካቸውን ስለሚቆልፉባቸው እሷን በቀጥታ ማግኘት አይቻልም። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ኦሪያን ምድጃው ጋ ናት፣ ልጥራልሽ ወይ አለችኝ። አትጥሪያት አልኩ። በሕይወት ካለች ሥራዋን ትሥራ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የኦሪያን ክፍል ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ይመለከታል፤ ግድግዳው በሙሉ ሥዕል ነው። እኔ ሥዕል ስል ወረቀትና ቀለም ነበር የማውቀው። እሷ ግን የምትሥለው መስታወት በመሰለው ታብሌት ላይ ነው፣ ቀለም በሌለው እስክሪብቶ። ስትሥል እጇ አይቆሽሽም፤ ሲበላሽባት በጣቷ መታ ታደርገውና የተሳሳተው መስመር ተመልሶ ይጠፋል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለሥዕል ብቻ መሰጠቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የሣለችውን የምታሳየው ደግሞ ለእኛ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ለተበተኑ፣ አይታቸው ለማታውቃቸው ሠዓሊዎች ነው። በስልክ የተሰባሰቡ ማኅበርተኞች ናቸው። አንዱ ብራዚል ነው፤ አንዷ ጃፓን ሆና ሌሊት ሌሊት ትጽፍላታለች። ያን ወር በየቀኑ አንድ ሰው በጥቁርና ነጭ ብቻ ሥለው ያለ አንዳች ቃል ሊያወጡ ተስማምተው ነበር። ባለፈው ሳምንት የድሮውን አልበም ከቁምሳጥን ላይ ስታወርድ አይቼ፣ የቤተ ዘመድ ፊት ለማታውቂው ሰው አታሳዪ፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው ብያታለሁ። ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ አገራችን ሳለን በዓይናችን የምንፈራው እኛው ነበርን። የቀጥቃጭ ልጅ ሲያልፍ ጎረቤት ሕፃኑን በነጠላ ይሸፍን ነበር። ያም ሆኖ እኔ ዓይን እፈራለሁ።

ልጆቼ ደህና ከሆኑ የቀረው አገር ቤት ነው፤ አገር ቤት የቀረኝ ደግሞ ካሳው ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው። ሁላችንም አዲስ አበባ ተሰብስበን አውሮፕላን ስንጠብቅ፣ አባታችን ትቶት የመጣውን የብረት ዕቃ ሸጬ ልምጣ ብሎ ወደ ጎንደር ተመለሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ እኛ ተነሣን። ይኸው እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፤ ልጆቹም አብረውት ይጠብቃሉ። የካሳውን ሞት እኔ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ በወባም፣ በመኪናም፣ በጥይትም ገድዬዋለሁ። ሁልጊዜ ክፉውን አስቀድሜ ካሰብኩት አይደርስም ብዬ ነው። ያን ጠዋት ግን ደወልኩለት፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም የምትለው ሴትዮ መለሰችልኝ። ድምፅዋ ያማረ ነው። እንዴት እንደምጠላት እግዜር ያውቃል።

የአገራችን ሰዎች በዋትስአፕ ቡድን አላቸው፤ ከእኛ መንደር መጥቶ በዚህ አገር ከተሞች ሁሉ የተበተነው እዚያ ይገናኛል። ሰርግ ይነገርበታል፣ ይቀለድበታል፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ሞት ነው። የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ቃል ከወጣ፣ ያውም በጥቁርና ነጭ፣ ጠያቂ የለም፤ ሰው ከሥሩ የሻማ ምልክት ይደረድራል። እኔ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ መትቶ መትቶ ሊያቆም ሲደርስ ከቡድኑ ወጣሁ። ከወጣሁ ወዲህ ክፉ ወሬ ወደኔ የሚመጣው በእግሩ ነው።

ያን ቀንም በእግሩ መጣ። መጀመሪያ እትዬ ሸጌ አንኳኳች። እትዬ ሸጌ እዚሁ ግቫት ጺዮን፣ ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው የምትኖረው፤ የመንደራችን ልጅ ናት። በፌስታል የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ፣ የሐዘንተኛ ምግብ፣ ይዛለች። ምንድን ነው ብላት፣ ተርፎኝ ነው አለች። የዓርብ እንቁላል ለማን ይተርፋል? ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስለ ወገቧ ነገረችኝ፤ ስለ አውቶብሱ መዘግየት ነገረችኝ፤ ስለ ሐኪሙ ቀጠሮ ነገረችኝ። ዓይኗ አብጧል። ጉንፋን ነው አለች። ቀጥሎ ሁለት የአስረስ ዘመዶች መጡ፤ ቀጥሎ በበዓል እንኳ ደረጃ መውጣት የማይወዱት አባባ ታረቀኝ በከዘራ እየተደገፉ ገቡ፤ ከኋላቸውም ሌሎች ተከታተሉ። አስረስ ውሃ ያድላል። ማንም ስለ ምንም አይጠይቅም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ከሕንፃው በር ላይ አንድ ጭነት መኪና ቆሞ ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ይወርዳሉ። ለሰርግ የሚመጣ ወንበር ጨርቅ አለው።

ከደረጃው የአባባ ታረቀኝ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ከሰዎቹ ጋር ወጥተው ይመካከራሉ። አንዱ፣ ሸባት አልፎ ቅዳሜ ማታ ይነገራት፣ ሰንበቷን አናበላሽባት ይላል። ሌላው፣ ወንበሩን አይታለች፣ እስከ ቅዳሜ ማታ በሐሳብ ትሞታለች ይላል። አባባ፣ ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ ካልነገርናት ሁላችንንም በሐሳቧ ተራ በተራ ትገድለናለች አሉ። ተመልሰው ገቡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ቁርስ በልተሽ እንደሆነ ጠየቁኝ። በልቻለሁ አልኩ፤ ውሸቴን ነው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው ሆኖ የሚቀር የለም። ወንድምሽ ካሳው አርፏል። እግዜር ያጥናሽ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በደንብ አላስታውስም። ነጠላዬን ቀድጃለሁ። የአባቴን ወናፍ ስጠራ ትዝ ይለኛል። ካሳው ልጅ ሆኖ ወናፍ የሚነፋው እሱ ነበር፤ እኔ ከበሩ ሥር ተቀምጬ ከሰሉ ቀልቶ ሲመለስ አይ ነበር። ወናፉ ሲነፋ የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ይቀላል፤ ሲያርፍ ይጠቁራል። ማጭድና ማረሻ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ውጭ ተራ ይጠብቃሉ። ካሳው ላቡን በክንዱ እየጠረገ ይቀልድባቸዋል፤ አባቴ፣ አንተ ንፋ እንጂ አታውራ ይለዋል። ያን ሁሉ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ አለቀስኩ፤ የሰማ ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ፤ ወናፍ አይቶ የማያውቅ ሰው አልነበረማ። እትዬ ሸጌ ግን ከእኔ ብሳ አለቀሰች። መሬት ላይ ወድቃ ሴቶች ያዟት። በዚያ ሁሉ ውስጥ ሆኜ እንኳ ልብ አልኩት። ከመነሣታችን በፊት ለካሳው ታጭታ ነበር። ማጭድ ሳይዶለዱም ልታስሳል ትመጣ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እዚህ ከመጣን በኋላ ጠበቀች፣ ጠበቀችና ቤተሰቦቿ ለሌላ ዳሯት፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ ካለፈ ቆይቷል። ስለ ካሳው አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ልቅሶው በረድ ሲል፣ ምን አመመው? አልኩ። የት ሞተ? መቼ ተቀበረ? አባባ ታረቀኝ ወደ አስረስ አዩ፤ አስረስ የሰማሁት ከእትዬ ሸጌ ነው አለ፤ እትዬ ሸጌ ከቡድኑ ነው አለች። ማን ደወለ ብትሉ የደወለ የለም። ስልኳን ተቀበልኳት። ወንድሜ በጥቁርና ነጭ፣ ጎንደር ፎቶ ቤት በተበደረው ኮት ተነሥቶት የነበረው፣ ወጣት ሆኖ ያየኛል። ከሥሩ ሻማ፣ ሻማ፣ ሻማ፤ ዚኽሮኖ ሊቭራኻ፣ ስሙ ለበረከት ይሁን። ፎቶውን ያወጣችው ኔታንያ ከተማ የምትኖር ሴት ናት። ከመሐከል አንድም ሰው፣ ማን ነገረሽ ብሎ አልጠየቃትም። ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ነው።

ኦሪያን የመጣችው ይሄኔ ነው። ወንበሮቹን ከታች አይታ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ኖሮ ትንፋሽ የላትም፤ የሸባት ዳቦ የያዘ ከረጢቷን በር ላይ ጥላ «ታሚር?» አለች። አባቷ አቀፋትና ታሚር አይደለም፣ አጎትሽ ነው አላት። ማመን አቅቷት ወደ እኔ መጣች፤ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየች። መጀመሪያ ፊቷ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ ቀላ።

«ኢማ፣ ዜ ሼሊ» አለች። የኔ ነው ማለቷ ነው። «አኒ ጺያርቲ ኦቶ። እኔ ነኝ የሣልኩት።»

ማንም አልገባውም። አባባ ታረቀኝ፣ ምንድን ነው የምትለው ብለው ጠየቁ። ልጄ ታብሌቷን ከክፍሏ አምጥታ፣ አማርኛዋ እየተደናቀፈ፣ ከአልበሙ ላይ አይታ እንደሣለችው፣ ማክሰኞ ለማኅበርተኞቿ እንዳወጣችው፣ ከዚያ ማን ወስዶ ለማን እንደላከው እንደማታውቅ ተናገረች። ነገሩ በኋላ ሲጣራ አንዲት የኔታንያ ልጅ የኦሪያንን ሥዕሎች ትከታተላለች፤ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ ወይ ብላ ለአያቷ ላከች፤ አያቲቱ አወቀችው፤ አውቃም ቡድኑ ውስጥ አውጥታ በአገሩ ደንብ አለቀሰችለት። አስረስ ተቆጣ። ሰው በቁሙ ትቀብሪያለሽ ወይ አላት። አባባ ታረቀኝ ከለከሉት። ሥዕል ነው ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ብሎ አንዱ ዘመድ ሲጀምር፣ ዝም በል አሉት፣ እኛ አፍ እያለን አልጠየቅን፣ ልጅቱን ትከሳለህ?

አላመኗትም መሰለኝ ኦሪያን ሌላ ነገር አሳየች። ያ መሣሪያ እጇ ያሰመረውን እያንዳንዱን መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ ያስቀምጣል። ከፈተችው። ነጭ ገጽ ብቻ ነበር። አንድ ክብ መጣ፤ በመሐሉ መስመር ወረደ፤ ቀጥሎ የዓይን ጉድጓድ፣ አፍንጫ፤ ጥላው ከአንገቱ ተነሥቶ ወደ ጉንጩ ወጣ፤ ድንገት ካሳው ሆነና ተመለከተን። የዓይኑን ብርሃን ያስገባችው በመጨረሻ ነው፣ አንዲት ነጭ ነጥብ። ሰው ሁሉ በላዩ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። እንደገና አሳዪን አሉ አባባ። እንደገና ከምንም ተነሥቶ መጣ። እኔ ያን ጊዜ ልጄ ሌሊት ሌሊት ምን ስትሠራ እንደምታድር ገባኝ። ለካስ ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ፣ እኔ ተኝቼ፣ እንዲህ በቀስታ ቤቴ ይገባ ነበር።

እትዬ ሸጌ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። «ጠባሳው የታለ?» አለች።

የቱ ጠባሳ ተባለች። በግራ ቅንድቡ ላይ፣ ብረት ፈንጥቆበት፣ ጠጉሩ የማይበቅልባት ቦታ። ፎቶው ላይ አልወጣም፤ እኔ እህቱ እንኳ ረስቼዋለሁ። እትዬ ሸጌ ጣቷን ወደ መስታወቱ አቅርባ ሳትነካው፣ እዚህ፣ ወደ ላይ ከፍ በዪ፣ አሁን ትንሽ ጠበቅ አድርጊው እያለች መራቻት። ኦሪያን ሠራችው። ሌሎቹ ሴቶች እርስ በርስ አልተያዩም፤ እንዳይተያዩ ተጠንቅቀው ነው። እትዬ ሸጌ መነጽሯን አወለቀችና ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሌላው ሰው መሣቅ ጀምሮ ነበር። እንቁላሉ ተላጠ፤ አንዱ፣ ካሳው ቢመጣ የሰባቱን ቀን ልቅሶ ወጪ ይከፍላል አለ። እኔ ግን አልሣቅሁም። ሥዕል ነው ማለት በሕይወት አለ ማለት አይደለም። ሰው በውሸት የተለቀሰለት ቀን በእውነት ሞቶ ቢሆንስ? ስልኩ እንደተዘጋ ነው። ያቺ ሴትዮ መልሳ መላልሳ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። አባባ ታረቀኝ ፊቴን አይተው፣ ወሬው እስኪጣራ ማንም አይንቀሳቀስ፣ ወንበሩም ይቆይ አሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ተቀመጠ። የዓርብ ድስት በየቤቱ እየጠበቀ፣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ እያዘነበለች፣ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ልቅሶ ነው ወይስ እንግድነት የማይታወቅ ነገር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ስለ አገር ያወሩ ነበር፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ገበያው መንገድ። ማን የማን ጎረቤት እንደነበር ይከራከራሉ። ኦሪያን መሬት ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ጥፍሯን ትበላለች።

የሸባት ሻማ ለማብራት ትንሽ ሲቀር ስልኬ ጮኸ። በድንጋጤ ጥዬው ነበር፤ አስረስ ከመሬት አንሥቶ ድምፁን ለሁሉ ከፈተው።

«ሲሳይነሽ፣ ሬሳው ነኝ» አለ ካሳው።

ቤቱ በእልልታና በልቅሶ ተደባለቀ። ዝም ሲባል ነገረን። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቶበት ነበር። የሻማው ወሬ ጎንደርም ደርሶ ኖሮ ጎረቤቶቹ እያለቀሱ መጡ፤ አጥር ሲጠግን ነበርና በሩን የከፈተላቸው እሱው ራሱ ነው። አንዷ አሮጊት አይታው ሸሸች። ሚስቱ ደጅይጥኑ ከኋላ፣ ለልቅሶ የመጣውን ሁሉ ምሳ አብልቻለሁ፣ ይህን ንገሪያት ትላለች። ካሳው እየሣቀ ነው፤ ሣቁ የወናፍ ቤቱ ሣቅ ነው። እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ። ቀጥሎ ሣቁን አቆመና፣ እናንተ ዘንድ ማን ማን መጣ? አለኝ።

ቆጠርኩለት። አባባ ታረቀኝ መጡ። እግራቸው እያመማቸው? አለ። እያመማቸው። የአስረስ ዘመዶች፤ የወንዝ ማዶዎቹ፤ የቄሱ ልጅ። በእያንዳንዱ ስም፣ እሱም አለ? እሷም እዚያ ናት? እያለ ይቀበለኛል። በስልኩ መንደራችንን ቤት ለቤት እየዞረ የሚያንኳኳ ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ፣ እትዬ ሸጌም መጥታለች አልኩ።

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ፈራሁ።

«አለቀሰች?» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እትዬ ሸጌ ከነጩ ወንበር ላይ ሆና ጣቷን እያወዛወዘች አይደለም በዪው፣ አላለቀሰችም በዪው ትለኛለች። እኔ ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ሁሉ አልደረሰም ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንዲት እውነት መናገር አላስፈራኝም። አዎ አልኩት። ከሁላችንም ብሳ አለቀሰች።

«እንግዲያ በደንብ ስሞት እንዳትደክም በያት» አለ ካሳው። «ከፍላለች።»

ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። እትዬ ሸጌ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ ስልኩ አልተጠጋችም፤ ድምፅዋን ብቻ ከፍ አደረገች።

«ሞኝ» አለች። «ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ። ይምጣና ያልቅስልኝ።»